የጎን ብርሃን

መርማሪው ሲደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሳም ነበር። ሴትዮዋ በመሥሪያ ክፍሏ ወለል ላይ፣ በጠረጴዛውና በግድግዳው መሀል፣ በጀርባዋ ተንጋላለች። ከራስጌዋ፣ የጠረጴዛው ጠርዝ ላይ፣ ከባዱ የብሬል መጻፊያ ማሽን ተቀምጧል፤ የብረት ማዕዘኑ ላይ ደምና ጥቂት ፀጉር ደርቆበታል። መጋረጃው ግጥም ብሎ ተዘግቷል። ውጭ ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ እዚህ ግን ሰው የገዛ ጫማውን ለማየት ማጎንበስ ነበረበት።

መርማሪውን ባልደረቦቹ «አይቸኩሌ» ይሉታል። ፊት ለፊት አይሉትም፤ እሱ ግን ያውቃል፣ አውቆም እንዳላወቀ ያልፋል። ዛሬ የጠራው አለቃው ነው። ይህ አለቃ ትናንት የእሱ ተለማማጅ ነበር። ሥራውን ሀሁ ብሎ ያስተማረው እሱ ሆኖ ሳለ፣ ወንበሩ ላይ ግን ተማሪው ቀድሞ ጉብ አለ። አይቸኩሌ ስለዚህ ነገር ሲጠየቅ «እሰይ፣ የእኔ ልጅ ነው» ይላል። ብቻውን ሲሆን ቆሽቱ ያርራል።

«ጋሼ፣ ነገሩ አልቋል» አለው አለቃው በር ላይ ተቀብሎ። «ለፊርማ ያህል ነው የጠራሁዎት።»

«ማን ጨረሰው?»

«መጋረጃው ነዋ! እስቲ ይዩት። በጠራራ ፀሐይ መጋረጃ ዘግቶ፣ መብራት አጥፍቶ የሚሠራ ማነው? ጨለማ የማይቸግረው ሰው! የጻፈችውን የሚያርምላት ሰው ዓይነ ስውር ነው። ጠዋት ሲጨቃጨቁ ጎረቤት ሰምታለች። ገፋት፣ ማሽኑ ላይ ወደቀች፣ አለቀ። ሞታ አገኘኋት ብሎ የጮኸውም ራሱ ነው።»

አይቸኩሌ የመጋረጃውን ጠርዝ በጣቱ ዳሰሰ። ነገሩ ያምራል፤ ያናደደውም ማማሩ ነው። «ቤቱን አንድ ጊዜ ልዙረው» አለ በመጨረሻ።

«ይዙሩት። ሰውዬው ግን ዛሬ የሚያድረው እስር ቤት ነው። ለበላይ አሳውቄያለሁ፤ ስወጣ ይዤው እሄዳለሁ።»

አራሚው ኮሪደሩ ላይ ባለች ወንበር ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። የሚባለውን ሁሉ ይሰማል። ዱላውን ጉልበቶቹ መሀል አቁሞ በሁለት እጁ ይዞታል።

አይቸኩሌ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አለ። ለጥረዛ የተዘጋጀ ወፍራም ወረቀት ተደርድሯል፤ እጁን ሲያሳልፍበት ነጥቦቹ መዳፉን ኮረኮሩት። ከወረቀቱ አጠገብ አንገቱ የሚተጣጠፍ የጠረጴዛ መብራት አለ። አንገቱ ተቀልብሶ አምፖሉ ወረቀቱን ሊስም ምንም አልቀረውም። ላብራው ብሎ ማብሪያውን ፈለገ። ገመዱን ዳበሰ፣ አንገቱን ዳበሰ፣ የሌለ ነገር ፍለጋ ወፍራም ጣቶቹን አራወጣቸው። አለቃው ሳቁን ዋጠ።

«ያላወቀ ሰው አያገኘውም» አለ ከበሩ አንድ የታፈነ ድምፅ። ባልየው ነበር። መጥቶ መብራቱን ከነመቀመጫው አነሳና ከሥሩ ተጫነ፤ በራ። «የድሮው ማብሪያ ተቃጠለ። ከአሮጌ ሰዓት ነቅዬ ከታች ደበቅሁላት። እሷ ራሷ እስክትለምደው ስንቴ ረግማኛለች። የሒሳቡን መጽሐፍ የጀመረች ሰሞን ነው።» ይህን ብሎ ሚስቱን ላለማየት ፊቱን አዞረ።

አይቸኩሌ ትከሻውን ይዞ ወደ ውጭ አወጣው።

ባልየው ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሱቁ በቤቱ ፊት ለፊት፣ መንገዱ ላይ ነች። ጠዋቱን በሙሉ አንድ ነገረኛ ደንበኛ ፊቱ ተገትሮ ሰዓቱን ሲያሠራ እንደነበረ ፖሊሶቹ አረጋግጠዋል። አሁን ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ መጠገኛ ወረንጦውን እየከፈተና እየዘጋ ያወራል።

«የሚስቴ እናት ዓይኗ ሲጠፋ እሷና ታላቅ እህቷ ብሬል አብረው ተማሩ። እናት ስታርፍ ሚስቴ የጸሐፊነት ሥራዋን ለቃ ቤቴ ውስጥ ብሬል እጽፋለሁ አለች። ማን ያነብልሻል ብዬ ሳቅሁ። መጀመሪያ የመድኃኒት መመሪያ መጣ፤ ቀጥሎ የፈተና ወረቀት፤ ከዚያ ትምህርት ቤቱ የሒሳብ መጽሐፉን በሙሉ ሰጣት። እኔ እዚህ ዝንብ ሳባርር ከኋላ በር ሰው ይሰለፋል።»

«ከፋዎት?»

«ሰው አይደለሁ እንዴ? ከፋኝ። ከዚያ ደግሞ መምህሩ አለ።» አራሚውን ማለቱ ነው፤ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ስለሆነ ሁሉም መምህር ይለዋል። «እሷ ከመጽሐፉ ጮክ ብላ ታነባለች፣ እሱ በጣቱ ይከታተላል። ቀኑን ሙሉ። አንዳንዴ ከግድግዳው ወዲያ ሲስቁ እሰማለሁ። ዓይን ባይኖረውስ፣ ምላስ አለው አይደል? ቀንቻለሁ፣ አልዋሽም። ግን ጌታዬ፣ ሰውዬው ዝንብ አይገድልም።»

«እርስዎስ ብሬል ይችላሉ?»

«እኔ? ለእኔ የቆዳ ሽፍታ ነው የሚመስለኝ።»

ጎረቤቲቱ እስክትጠየቅ አልጠበቀችም። አጥሯ ላይ ተደግፋ አይቸኩሌን በዓይኗ ስትጠራው ነበር። «እኔ የሰው ነገር አልወድም እንጂ፣ ወንድሜ፣ ስንቱን ባወራሁህ!» ብላ ጀመረች። «ደጃቸው መኪና ሲቆም፣ የእኔ ልብስ ስፌት ሊዘጋ! በሰው ላይ ምን እንዳዞረች እንጃ። ጠዋት ‹ስህተት እያሳለፍክ ስሜን አጠፋኸው!› ብላ ጮኸችበት። ግድግዳው ስስ ነው፣ ጆሮዬን ለጥፌ አይደለም።»

«ከዚያስ?»

«እሱ ዱላውን እያንኳኳ ወጣ። ትንሽ ቆይታ እሷም ወረቀት ልትገዛ ሄደች። ስትመለስ ሰላም እንኳ አላለችኝ፤ ኩራቷ! ከዚያ እኔም ሬዲዮዬን ለቀቅሁ። ያ ማሽን ሲንቀጨቀጭ ጆሮዬን አደንቁሮኝ ነው የኖረው። ቀጥሎ የሰማሁት የሰውዬውን ጩኸት ነው።»

«እሷ ወረቀት ልትገዛ ስትወጣ ክፍሉ ባዶ ነበር ማለት ነው?»

«እሱን አላሰብኩትም» አለች ቅር ብሏት።

አይቸኩሌ ወደ ኮሪደሩ ተመልሶ ከአራሚው አጠገብ ወለሉ ላይ ቁጢጥ አለ።

«መምህር፣ ፖሊሶቹ ምን ጠየቁዎት?»

«‹ምን አየህ?› አሉኝ። ‹ምንም› አልኳቸው። እውነቴን ነው።»

አይቸኩሌ ሳቁ ሊያመልጠው ነበር። «እኔ በሌላ ልጠይቅዎ። ክፍሉ ውስጥ ሲገቡ ምን ተሰማዎት?»

«ሙቀት» አለ አራሚው ወዲያው። «እጄን ጠረጴዛው ላይ ሳሳርፍ አምፖሉ ፈጀኝ። ወረቀቱ እሳት ሊይዝ ነው ብዬ አጠፋሁት። እሷ ስትረሳው የማጠፋው ሁሌም እኔ ነኝ። አንድ እርምጃ ስጨምር እግሬ እሷን ነካ።»

«መብራቱ በርቶ ነበር?»

«በርቶ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?»

«ማን ጠየቀኝ?»

አይቸኩሌ በሩ ላይ ወደ ቆመው አለቃ ቀና አለ። አለቃው ግን ስልክ እያናገረ ነበር።

«የጠዋቱ ጠብ ምን ነበር?»

«ትምህርት ቤቱ ስህተት አለበት እያለ ገጾች ይመልስባት ጀመር። አሳለፍክብኝ አለችኝ። ተናድጄ የተመለሱትን ይዤ ቤቴ ሄድኩ፤ ስዳስሳቸው ክው አልኩ። እኔ ሳነብ የነበሩ ነጥቦች የሉም። እኛ ስንሳሳት ነጥቡን በለስላሳ እንጨት ወደ ታች ተጭነን እናጠፋዋለን። እዚህም የሆነው እንደሱ ነው፤ እኔ አርሜ ካስረከብኩ በኋላ። በግዴለሽነት የተዳጠም አይደለም። ሰባት ቁጥርን ስድስት ለማድረግ የትኛዋ ነጥብ እንደምትጠፋ የሚያውቅ ሰው ነው። ይህን ልነግራት ነበር የተመለስኩት።» ጣቶቹን እርስ በርስ አሻሸ። «ስሜን ያጠፋው እሱ ነው እያለች እንድትሞት አልፈልግም ነበር... ምን ማለቴ ነው፣ ሞታለች።»

አይቸኩሌ ጠጋ አለው። «እሷ ብሬል ስታነብ በዓይኗ ነበር?»

«ኧረ! ዓይኗን ጨፍና በጣቷ። ‹ደንበኞቼ እንደሚያነቡት ካላነበብኩት ምኑን ሠራሁት› ትል ነበር። መብራቱ የታተመውን መጽሐፍ ለማየት ነው እንጂ ለብሬሉ አታበራም።»

«መሥሪያ ክፍሉ ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለው የብሬል ገጽስ የማን ነው?»

«እሱ የመጀመሪያው ናሙና ነው። ሥራው የተገኘው በሱ ነው። መስታወት የለውም፣ የመጣ ሰው ሁሉ እንዲዳስሰው። የታላቅ እህቷ እጅ ነው። ጣቴ የሰው እጅ ያውቃል።»

ታላቅ እህቲቱ ሳሎን ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣለች። ተጠርታ ነው የመጣችው። ረጅም፣ ቀጥ ያለች፣ ሻርፗን አገጯ ሥር አጥብቃ ያሰረች ሴት ናት። ዓይኗ ቀልቷል፤ እንባ ግን የለም።

«ሆድና ጀርባ ከሆንን ቆየን» አለች። «የሒሳቡን መጽሐፍ ሥራ ስትረከብ እኔ የለሁም። ከዚያ ወዲህ እዚያ ክፍል እግሬ አልረገጠም።»

«ምን አጣላችሁ?»

«ምንም። ሰው መንገድ ላይ ሲያየኝ ‹የእሷ እህት› ይለኝ ጀመር። ታላቋ እኔ ነኝ። ገና ስትወለድ አቅፌ ያባበልኳት እኔ ነኝ።»

«ብሬል አብራችሁ ተምራችኋል አሉኝ።»

«ድሮ። አሁን ረስቼዋለሁ።»

«ግድግዳው ላይ ያለው ገጽ እንዴት ያምራል!»

ከንፈሯ ነጣ። «ቤቱ የእሷ ነው። እዚህ ያለው ሁሉ የእሷ ነው። እሰይ፣ እህቴ ናት።»

አይቸኩሌ ብድግ ሲል ጉልበቱ ተንቋቋ። ይህን «እሰይ» ያውቀዋል። ቃሉ ብቻ አይደለም፤ ጥርስ ለጥርስ ገጥሞ የሚወጣው ድምፅ የራሱ ነው። አፈረም፣ ፈራም።

አስከሬኑ ከተነሳ በኋላ ሁሉንም መሥሪያ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰባቸው። ባልየው ግድግዳ ተደግፏል። ጎረቤቲቱ ካልገባሁ ብላ ገብታለች። አራሚው የለመደው ወንበሩ ላይ ነው፤ አለቃው ካቴናውን ይዞ ከኋላው ቆሟል። እህቲቱ በሩ አጠገብ ነች። አይቸኩሌ መብራቱን አጠፋና አንገቱን ቀጥ አድርጎ አቆመው፤ አስከሬኑ ሲነሳ የተከፈተውን መጋረጃም መልሶ ዘጋው።

«አንድ የማይጥም ነገር ልንገራችሁ» አለ፤ ፍሬሙን ከግድግዳው እያወረደ። «ትምህርት ቤቱ ያለው እውነት ነው። ይህ ሥራ ሲጀመርም የተበላሸ ነበር። ይህችው የመጀመሪያዋ ናሙና እንኳ ስህተት በስህተት ናት። ሰው አይቶ የሚያደንቃት ስለማያውቅ ነው።»

አራሚው አፉን ሊከፍት ሲል አይቸኩሌ ትከሻውን ጫን አደረገው።

«ውሸት ነው» አለ አንድ ድምፅ ከበሩ።

«ባለሙያ ያየው ነገር ነው፣ እመቤቴ። እርስዎ ረስቻለሁ ብለዋል፣ አይፍረዱ። የጀማሪ እጅ ነው ይላሉ። ዝርክርክ።»

«ማነው ዝርክርክ ያለው? አምጣው!»

ፍሬሙን ከእጁ ነጠቀችው። ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው፣ በግራ እጇ መብራቱን ከነመቀመጫው ብድግ አድርጋ ከሥሩ ተጫነች፤ በራ። አንገቱን ወደ ጎን ቀለበሰችው፤ አምፖሉ ወረቀቱን ሊነካ ጥቂት ሲቀረው አቆመችው። ብርሃኑ ከጎን ሲመታው እያንዳንዷ ነጥብ ትንሽ ጥላ ጣለች፤ ነጭ የነበረው ገጽ ድንገት በጽሑፍ ተሞላ። እህቲቱ አጎንብሳ መስመሮቹን በዓይኗ ጠረገቻቸው።

«ይኸው! አንዲት ነጥብ አልጎደለችም! አንዲት አልተዛነፈችም! የቱ ጋ ነው ስህተቱ? የቱ ጋ?»

ቀና ስትል ሁሉም የሚያዩት ገጹን ሳይሆን እጇን ነበር። ነገሩ መጀመሪያ የገባው ለባልየው ነው።

«እትዬ» አላት፣ እየፈራ። «ማብሪያውን ማን አሳየሽ?»

አይቸኩሌ ፍሬሙን ከፊቷ በቀስታ አነሳ። «ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ዋሽቻለሁ። ትምህርት ቤቱ ስለዚህ ገጽ ያለው ነገር የለም» አለና ወደ አለቃው ዞረ። «መጋረጃው የተዘጋው ለጨለማ ነው ብለን ነበር። ግን መብራቱ በርቶ ነበር፤ መምህር ናቸው ወረቀት እንዳያቃጥል ያጠፉት። ታዲያ ፀሐይ እያለ መጋረጃ ዘግቶ አምፖል የሚያበራ ምን ፈልጎ ነው?»

«ጥላ» አለ አለቃው ቀስ ብሎ። ለነገሩ ልጁ ደደብ አልነበረም።

«ጥላ። ብሬል ነጭ በነጭ ነው፤ በፀሐይ ዓይን አይዘውም። በዓይኑ የሚያነብ ሰው ክፍሉን አጨልሞ ብርሃኑን ከጎን፣ ዝቅ አድርጎ መልቀቅ አለበት። መብራቱን ሳገኘው እንደዚያ ተቀልብሶ ነው። መምህር በጣታቸው ያነባሉ። ሟችም በጣቷ። ባልየው ለእሱ ሽፍታ ነው። እመቤት ጎረቤት ደግሞ...»

«እኔ ብሬል ቀርቶ ጋዜጣም አላነብ!» አለች ጎረቤቲቱ ፈጥና።

«ስለዚህ ገዳይዋ ብሬል የምታውቅ፣ ግን በዓይኗ የምታነብ ሰው ናት። ምን ልታነብ ነው የመጣችው? የታረሙትን ገጾች። የምትጫናትን ነጥብ መርጣ ልታጠፋ። ስህተቱ በመምህር ተሳቦ፣ ሥራው እንዲፈርስ። ከሒሳቡ መጽሐፍ ወዲህ አልገባሁም ብለውኛል፤ ማብሪያው ግን የተቀየረው ያኔ ነው። የተደበቀበትን ያገኘች እጅ ብዙ ጊዜ ተመላልሳለች።»

እህቲቱ ወንበር ሳይሰጣት ተቀመጠች።

«የኋላው በር ቁልፍ ከድሮ ጀምሮ አለኝ» አለች፣ ማንንም ሳታይ። «ልገድላት አልመጣሁም። ስሟ እንዲበላሽ፣ መጥታ ‹እትዬ ነይ አድኚኝ› እንድትለኝ ነበር የፈለግሁት። ዛሬ ወረቀት ይዛ ገባች። እንጨቷ እጄ ላይ ነበረች። አልጮኸችም። ‹አንቺ ነሽ? ለምን አትነግሪኝም ነበር፣ አብረን እንሠራው አልነበር ወይ?› አለችኝ። ብትሰድበኝ እተዋት ነበር። እንዴት ታዝንልኛለች? ገፋኋት።»

ባልየው ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ።

«የገዛ እጄን ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ሰቅላ የእሷ አስመሰለችው» አለች እህቲቱ፤ ድምፅዋ እየጋለ መጣ። «ሰው ሁሉ በሱ አመሰገናት። በእኔ! እናንተ ብትሆኑ ትችሉት ነበር?»

አለቃው ከአራሚው ኋላ ወጥቶ ወደ እሷ መጣ። በአይቸኩሌ አጠገብ ሲያልፍ «ጋሼ፣ ሰውዬውን ልወስደው ነበር» አለው በሹክሹክታ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። አይቸኩሌ ይህን ቀን ስንት ዘመን ሲመኘው ኖሯል። አሁን ግን የተማሪውን ክንድ ጨበጥ አደረገና ለቀቀው።

አራሚው በዱላው ወለሉን እየዳበሰ ተነሳ።

«አስመሰለች ያልሽው ትክክል አይደለም» አለ። «እኔ እዚህ ተቀምጬ እሰማት ነበር። ሰው በመጣ ቁጥር እጁን ይዛ ገጹን ታስዳስሰዋለች። ‹ይሄ የእትዬ እጅ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ብጽፍ እዚህ አልደርስም› ትላለች። ለትምህርት ቤቱ ሰዎች ብላለች፣ ለመድኃኒት ቤቱ ብላለች። አንዳንዴ ተቆጥቼ ‹በቃ፣ ሰምተናል› እላት ነበር።»

እህቲቱ ወደ ባልየው ዞረች። እሱ እጁን ከፊቱ ሳያነሳ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ።

አለቃው ካቴናውን ከፈተ። እሷ እጆቿን ዘረጋችለት፤ ዓይኗ ግን ከአራሚው ከንፈር አልተነቀለም።

«ምን ነበር ያለችው?» ስትል ጠየቀች።

«‹ይሄ የእትዬ እጅ ነው። እኔ ዕድሜ ልኬን ብጽፍ እዚህ አልደርስም።›»

«ለሰው ሁሉ?»

«ለሰው ሁሉ።»

አለቃው በሩን ከፍቶ ጠበቃት። እሷ አልተንቀሳቀሰችም።

«መምህር፣ በሞቴ» አለች። «አንድ ጊዜ ብቻ ድገምልኝ።»